በሐዋሳ ጠባብ ዎርክሾፕ ውስጥ የእጅ መሣሪያን ማደራጀትና ከዝገት መጠበቅ፦ ዝርዝር መመሪያ

ቤት ውስጥ የእጅ መሣሪያ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ሌባ ገብቶ አይደለም። ሥራው ሲያልቅ ባገኘው ቦታ ስለሚቀር ነው። ፒንሳው መስኮት ላይ፣ ካቻቢቴው ወንበር ሥር፣ ሜትሩ ደግሞ የሆነ ማዳበሪያ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ አንድ የበር ማጠፊያ ለማጥበቅ ግማሽ ሰዓት ፍለጋ ይሄዳል። ሲሰለቸን ወጥተን ሌላ እንገዛለን። ብዙ ቤት ሦስት መዶሻ ኖሮ አንዱም የማይገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

እኛ ሐዋሳ የምንኖር ሰዎች ሌላም ጣጣ አለብን፤ ዝገት። ከተማዋ ሐይቅ ዳር ናት፣ ዝናቡም የክረምት ብቻ አይደለም፤ የበልጉም ይጨመራል። አብዛኞቻችን የምንሠራው ደግሞ በሰርቪስ ቤት ጥግ ወይም በረንዳ ላይ ነው። ጣሪያው ኮርኒስ የለውም፣ ወለሉ ሊሾ ነው፣ ግድግዳውም በአንድ በኩል ዝናብ ይመታዋል። ብረት ሌሊት ይቀዘቅዛል። ጠዋት ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ሲነካው ላዩ ላይ ስስ ጤዛ ይሠራል። ዝገቱ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ስለዚህ መሣሪያ ስናደራጅ ሁለት ነገር አብረን እናስብ። አንደኛው ዕቃው እንዳይዝግ ነው። ሁለተኛው፣ ለእኔ ዋናው፣ መልሶ ማስቀመጥ እንዳያስቸግር ነው። ዕቃን መልሶ መስቀል ጠረጴዛ ላይ ከመጣል እኩል መቅለል አለበት። ክዳን መክፈት፣ ሌላ ዕቃ ማንሳት፣ መጎንበስ ካለበት ደክሞት ሥራ የጨረሰ ሰው አይመልሰውም። በአንድ እጅ፣ በአንድ እንቅስቃሴ የሚመለስ ከሆነ ግን ማንም ይመልሰዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚነሳ ነው።

ደረጃ 1፦ ሁሉንም አውጡ

ፀሐይ ያለበት ቀን ምረጡ። ግቢ ውስጥ ሸራ ወይም የተቀደደ ማዳበሪያ አንጥፉና ያላችሁን ሁሉ ዘርግፉበት። ከኩሽና መሳቢያ፣ ከአልጋ ሥር፣ ከመኪና ወይም ከባጃጅ ውስጥ ያለውንም ጨምሩ። ሁሉም በአንድ ላይ ካልታየ የቱ ሁለት እንዳለ፣ የቱ እንደጎደለ አይታወቅም።

ከዚያ በሦስት ክፈሉት። አንዱ ክምር በየጊዜው እጃችሁ የሚገባው ነው፤ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ሁለት ሦስት ካቻቢቴ፣ ሜትር፣ እርሳስ፣ መቁረጫ ምላጭ። ሁለተኛው አልፎ አልፎ የሚፈለገው ነው፤ መሮ፣ ሞረድ፣ የብረት መጋዝ፣ ውሃ ልክ፣ ስኳድራ፣ የብሎን ቁልፎች። ሦስተኛው በዓመት አንዴ የሚነካው ነው። ብዙ ሰው በዓይነት ብቻ ይከፍላል፤ ፒንሳ ሁሉ አንድ ቦታ፣ ቁልፍ ሁሉ አንድ ቦታ። ለዓይን ያምራል። እኔ ግን መጀመሪያ በአጠቃቀም መክፈሉን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ጥሩው ቦታ ጠባብ ነው፣ እሱም በብዛት ለሚሠራበት መዋል አለበት።

በዚሁ አጋጣሚ እያንዳንዱን እያነሳችሁ እዩ። የመዶሻው ራስ ከእጀታው ላይ ይነቃነቃል? ሽብልቅ ምቱለት፤ ሥራ ላይ ቢወልቅ ሰው ይጎዳል። የብረት መሮ አናቱ በመዶሻ ብዛት ተደፍጥጦ ጠርዙ ወደ ውጭ ተገልብጧል? በሞረድ አስተካክሉት፤ ሲመታ ስባሪው ተፈናጥሮ ዓይን ውስጥ ሊገባ ይችላል። ጥርሱ ያለቀ ቁልፍና ጫፉ የተጠማዘዘ ካቻቢቴ የብሎን ራስ ከማበላሸት ሌላ ጥቅም የላቸውም፤ ለቁራሌው ስጧቸው።

ደረጃ 2፦ አጽዱ፣ ዝገቱን አውጡ

ቀላል ዝገት በሽቦ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀትና በትንሽ ዘይት ይለቃል። ጠንከር ያለው ከሆነ አቼቶ ይበቃል። ዕቃውን በፕላስቲክ ሳህን አቼቶ ውስጥ ነክራችሁ አሳድሩት። የእንጨት እጀታ ካለው ብረቱ ብቻ ይነከር። ጠዋት በብሩሽ ፈትጉት። ከዚያ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በገባበት ውሃ አለቅልቁት፤ አሲዱ ካልጠፋ ብረቱ እዚያው እያያችሁት እንደገና ይዝጋል። ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቁት፣ ፀሐይ ላይ ጥቂት አቆዩት፣ ገና ሞቅ እንዳለ ዘይት ቀቡት።

የትኛው ዘይት? የስፌት መኪና ዘይት ጥሩ ነው፤ ቀጭን ነው፣ በትንሽ ጠርሙስ ይሸጣል። እሱ ከሌለ ቫዝሊን በጨርቅ በስሱ መቀባት ይቻላል። የምግብ ዘይት አትጠቀሙ፤ ሲቆይ ይወፍርና ይጣበቃል፣ አቧራም ይሰበስባል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም አልመክርም። ርካሽ ነው፣ ብዙ ሰውም ይጠቀምበታል፤ ነገር ግን በውስጡ አሲድና የቃጠሎ ጥቀርሻ አለው፣ በየቀኑ ቆዳ ሲነካው ለጤናም ጥሩ አይደለም።

ሞረድ ግን ዘይት አይቀባም። ዘይት ሲነካው ብናኙ ጥርሱ ውስጥ ይጋገራል፣ ሥራ ላይም ያንሸራትታል። በሽቦ ብሩሽ አጽዱትና ጠመኔ እሹበት፤ ጠመኔው ብናኙ ጥርሱ መሃል እንዳይጣበቅ ያደርጋል።

ደረጃ 3፦ ቦታውን ምረጡ

ከግድግዳዎቻችሁ ዝናብ የማይመታውን ምረጡ። ከቤቱ ሌላ ክፍል ጋር የሚጋራ ግድግዳ ከሆነ ይበልጥ ደረቅ ነው። ቀና ብላችሁም ቆርቆሮውን እዩ። የሚያፈስ ሚስማር ወይም ሌሊት ላብ የሚያንጠባጥብበት ቦታ ካለ ከሥሩ ምንም አትስቀሉ።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ፤ በረኪና። በረኪና የተቀመጠበት ክፍል ውስጥ፣ ክዳኑ ቢገጠምም፣ የሚወጣው ትነት ብረትን በፍጥነት ያዝጋል። የባትሪ አሲድ፣ ጨውና የአፈር ማዳበሪያም እንደዚያው ናቸው። ሰርቪስ ቤት ውስጥ እነዚህ ሁሉ አንድ ጥግ ላይ ተደራርበው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። ዝገት አልለቅ ካላችሁ መጀመሪያ ጎረቤቶቹን ፈትሹ።

ምስጥም አይረሳ። የጠረጴዛና የመደርደሪያ እግር መሬት አይንካ፤ ብሎኬት ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቁም። ከግድግዳውም ትንሽ ይራቅ። ምስጥ ወደ እንጨት የሚወጣው በጭቃ በሠራው ቀጭን መተላለፊያ ስለሆነ ክፍተት ካለ መንገዱ በዓይን ይታያል፣ በጊዜ ይጠረጋል። ለተቃጠለ ዘይት ተገቢ ቦታ የምሰጠው እዚህ ነው፤ እግሩን በጣሳ ውስጥ አቁማችሁ ጣሳው ውስጥ ጥቂት ብታፈሱበት ምስጡም ጉንዳኑም አይሻገርም።

ደረጃ 4፦ ሰሌዳውን ሥሩ

ለጠባብ ቦታ ከሁሉ የሚሻለው የግድግዳ ሰሌዳ ነው። ወለል አይዝም፣ ሁሉም ነገር ይታያል። ኮምፔርሳቶ ተጠቀሙ፤ 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ይበቃል። ሙሉው 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ለሁለት ሲቆረጥ 122 በ122 ይወጣዋል፤ ለአንድ ቤት በቂ ነው። እንጨት ቤቶች ቅንጥብጣቢ ስለማያጡ መጠየቅ አይከፋም። ቺፑድ ግን ለዚህ አይሆንም። እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ የገባበትንም ስክሩ ይለቃል።

ሰሌዳውን ግድግዳው ላይ አትለጥፉት። 4 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሦስት ሞራሌ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ይታሰር፤ ሁለቱ ዳርና ዳር፣ አንዱ መሃል። ሰሌዳው የሚያርፈው በእነሱ ላይ ነው። ከኋላ አየር ስለሚያልፍ የግድግዳው እርጥበት ወደ እንጨቱ አይሻገርም። ከላይና ከታች ያለውን ክፍተት አትድፈኑት። ሰሌዳውን ሁለቱንም ፊትና ጠርዙን ቬርኒሽ ወይም የዘይት ቀለም ቀቡ። ነጣ ያለ ቀለም ብትመርጡ መሣሪያው ጎልቶ ይታያል፤ አምፖሉ ደካማ ለሆነ ክፍልም ይረዳል።

አሁን ማሰሩ ላይ ጠንቀቅ በሉ። አብዛኛው ግድግዳችን ብሎኬት ነው፣ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ክፍት ነው። ድሪሉ ላይ የመምቻውን አጥፉና በማሽከርከር ብቻ ብሱት፤ ካልሆነ ከውስጥ በኩል ተሰብሮ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ፊሸሩም (ስክሩ የሚይዝበት የፕላስቲክ መክተቻ) ይዞራል። በየሞራሌው ሦስት ቦታ፣ በ10 ፊሸርና 10 ሴንቲ ሜትር በሚደርስ ስክሩ እሰሩ። ኮለን ወይም አርማታ ካገኛችሁ አንዱን ሞራሌ እዚያ ላይ አሳርፉ፤ እዚያ ደግሞ የድሪሉ መምቻ ያስፈልጋል። ከመብሳታችሁ በፊት ሶኬትና ማብሪያው የት እንዳለ እዩ። ገመዱ ብዙ ጊዜ ከእነሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ስለሚሄድ በዚያ መስመር አትብሱ። ጭቃ ቤት ከሆነ ፊሸር አይይዝም። ግድግዳውን በጣታችሁ እያንኳኳችሁ ቋሚውን እንጨት ፈልጉና እሱ ላይ እሰሩ።

ተከራይ ከሆናችሁና አከራዩ ግድግዳ መብሳት ካልፈቀደ መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለት ረጃጅም ሞራሌ በጠረጴዛው የኋላ እግሮች ላይ በብሎን አስራችሁ ሰሌዳውን በእነሱ ላይ ምቱ። ቤት ስትለቁ ጠረጴዛውም ሰሌዳውም አብሮ ይሄዳል። እንዲያውም እኔ ባለቤት ለሆነም ሰው ይህን እመክራለሁ፤ ግድግዳ ሳይነካ ሰሌዳው አየር ያገኛል።

የሰሌዳው ታችኛ ጠርዝ ከጠረጴዛው በላይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ጠረጴዛው ላይ ሳጥንም ሆነ ጣውላ ሲቀመጥ የተሰቀለውን አይነካም።

ደረጃ 5፦ መሬት ላይ ደርድሩ፣ ከዚያ ስቀሉ

ሰሌዳውን ከማሰራችሁ በፊት መሬት ላይ አጋድሙትና መሣሪያዎቹን ላዩ ላይ ደርድሩ። ይህን ሳያደርጉ ሚስማር መምታት የተጀመረ እንደሆነ መጨረሻ ላይ መጋዙ ቦታ ያጣል። በየዕቃው መካከል የእጅ መግቢያ ተዉ፤ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር። የመጀመሪያው ክምር ከክርናችሁ እስከ ዓይናችሁ ባለው ከፍታ ላይ ይሁን። ከባዱ ወደ ታች፣ ብዙ የማይነካው ወደ ዳርና ወደ ላይ ይሂድ። ስለት ያለው ልጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን፤ ወንበር ላይ የሚወጣ ልጅ ካለ በር ያለው ቁም ሳጥን ይሻላል።

ለመዶሻ ሁለት ረጃጅም ሚስማር ይበቃል። ከእጀታው ጥቂት ሰፋ ባለ ርቀት፣ ጫፋቸው ወደ ላይ ትንሽ ቀና ብሎ ይመቱ። እጀታው በመሃላቸው ይወርዳል፣ ራሱ ሚስማሮቹ ላይ ያርፋል። ስትመልሱት ማየት እንኳ አያስፈልግም።

ለፒንሳና ለመሳሰሉት ያረጀ ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ፈልጉ። ጎሚስታ ቤት አይጠፋም። ሦስት ሴንቲ ሜትር ስፋት አድርጋችሁ በረጅሙ ቁረጡትና ሰሌዳው ላይ አግድም ምቱት፤ በየተወሰነ ርቀት ጎበጥ እያደረጋችሁ በአጭር ሚስማር ከነሮንዴላው ያዙት። ሮንዴላው ጎማው እንዳይቀደድ ይይዘዋል። የፒንሳው አንድ እግር በጉብታው ውስጥ ይገባል። ጎማው የሚነካው እጀታውን እንጂ ባዶ ብረቱን እንዳይሆን አድርጉ፤ በጎማና በብረት መሃል እርጥበት ይቀመጣል።

ካቻቢቴ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በብዛት የሚበላሸው አቀማመጥ የእሱ ነው። 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሞራሌ ወስዳችሁ በየአምስት ሴንቲ ሜትሩ በ10 ፑንታ (የድሪል መብሻ) ከላይ ወደ ታች ብሱት። ከዚያ ከፊት ለፊት ጠርዝ እስከ ቀዳዳው ድረስ በመጋዝ ክፈቱት። አሁን ካቻቢቴውን ከላይ አንስታችሁ ማስገባት አይጠበቅባችሁም፤ በጎን ታንሸራትቱታላችሁ፣ እጀታው ከላይ ያርፋል፣ ጫፉ ከታች ይታያል። ጫፉ መታየቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ባለ መስቀሉን ከጠፍጣፋው ለመለየት እያወጡ ማየት ቀረ። እጀታው ላይ 1000 ቮልት የሚል ምልክት ያለው የኤሌክትሪክ ካቻቢቴና ፒንሳ ካላችሁ ለብቻው ስቀሉ። የመብራታችን ኃይል 220 ቮልት ነው፤ ሽፋኑ የተቀደደ ወይም የቀለጠ ከሆነ ለኤሌክትሪክ ሥራ አበቃለት።

የብሎን ቁልፎች በቁጥር ቅደም ተከተል ይሰቀሉ፤ 8፣ 10፣ 12፣ 13፣ 14፣ 17፣ 19። ከያንዳንዱ ሥር ቁጥሩን በማርከር ጻፉ። የኢንች ቁልፍ ካላችሁ ፈጽሞ አትቀላቅሉ። ግማሽ ኢንች ማለት 12.7 ሚሊሜትር ነው። የ13 ቁልፍ የገባ ይመስላል፤ ስታጠብቁ ግን ይንሸራተትና የብሎኑን ማዕዘን ያዞረዋል። ከዚያ በኋላ ያን ብሎን መፍታት ሌላ ጣጣ ነው። የኢንቹን እጀታ ቀይ ቀለም ቀብታችሁ በሰሌዳው ሌላ ጎን አድርጉት። ቡሶላ (የብሎን ራስ ላይ የሚጠልቀው ክብ ቁልፍ) ግን ሰሌዳ ላይ አይወጣም፤ በራሱ ሳጥን ይሁን፣ የጎደለው እዚያው ይታወቃል።

መሮ ስለቱ ከሌላ ብረት ጋር አይነካካ። አንድ መሳቢያ ውስጥ ተጥሎ የከረመ መሮ ጫፉን በጥፍራችሁ ብታስኬዱበት ይቆነጥጣል፤ እነዚያ ጥቃቅን ስብራቶች እያንዳንዳቸው እንጨቱ ላይ መስመር ይተዋሉ። ትንንሽ የፒቪሲ ቧንቧ ቁራጮች ሰሌዳው ላይ በስክሩ እሰሩና መሮውን ስለቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ክተቱ፤ ከታች ክፍት ስለሆነ ሰጋቱራ አይጠራቀምበትም። ለመጋዝ ጥርስ ያረጀ የውሃ ጎማ በረጅሙ ሰንጥቃችሁ አልብሱት። ሞረዶችም እርስ በርስ እንዳይፋጩ ለየብቻ ይሰቀሉ፤ ጥርሳቸው ጠንካራ ስለሆነ ይሰባበራል።

ሁሉም ቦታውን ሲይዝ በየዕቃው ዙሪያ በማርከር ቅርጹን ሳሉ። ይህን አትዝለሉት። ቤት ውስጥ ያለ ማንኛውም ሰው፣ ስሙን እንኳ የማያውቀውን ዕቃ፣ ቅርጹን አይቶ ይመልሰዋል። የጎደለውም ከሩቅ ይታያል።

ደረጃ 6፦ ሚስማር፣ ብሎን፣ ዳዶ

እዚህ ላይ ብዙ መድከም አያስፈልግም። የማርማላታ ብርጭቆ ክዳኖችን በመደርደሪያው ሥር በሁለት ሁለት ስክሩ ምቱ፤ ብርጭቆው ከሥር ይጠመዘዛል። ውስጡ ይታያል፣ ሲዘጋም እርጥበት አያስገባም። ብርጭቆ የምትፈሩ ከሆነ ሃይላንድ ከመሃሉ ቆርጣችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ግን ክፍት ስለሆነ ሚስማሩ በክረምት ይዝጋል። አዲስ ጫማ ወይም ቦርሳ ስትገዙ የሚገኙትን ትንንሽ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች አትጣሉ፤ ለእነዚህ ዕቃዎች ይሆናሉ።

ለፑንታ አንድ ወፍራም የእንጨት ቁራጭ ላይ በልካቸው ቀዳዳ ሥሩ። የእንጨቱ፣ የብረቱና የግድግዳው ረድፍ ይለይ። የግድግዳው ጫፉ ላይ ሰፋ ያለ ጠንካራ ብረት የተበየደበት ነው፤ በእሱ ብረት መብሳት አይቻልም።

ደረጃ 7፦ የሚንቀሳቀስ ሳጥንና የሚወጣ ዕቃ

ሰሌዳው የቱንም ያህል ቢያምር ሥራ ሁልጊዜ እዚያው አይሠራም። ከላይ ክፍት የሆነ፣ በመጥረጊያ እንጨት መያዣ የተሠራለት ትንሽ የጣውላ ሳጥን ይኑራችሁ። ሥራ ስትሄዱ የሚያስፈልገውን ከሰሌዳው አውርዳችሁ ክተቱ፣ ስትመለሱ ወደ ሰሌዳው ይመለስ። ዕቃው ሳጥኑ ውስጥ ካደረ ሰሌዳው ቀስ በቀስ ባዶ ይሆናል።

ጎረቤት መጥቶ እስቲ ፒንሳ አውሱኝ ይላል። ማዋስ ደግ ነው፣ እኛም እንዋሳለን። ብቻ የፕላስቲክ ክዳን ላይ ስሙንና ቀኑን ጻፉና ፒንሳው በነበረበት ሚስማር ላይ ስቀሉት። ማን ወሰደው ብሎ መጨቃጨቅ ይቀራል። ሲመለስም ከመሰቀሉ በፊት በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ የእጅ ላብ ጨው አለው።

ደረጃ 8፦ ክረምት ሳይገባ

ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ለዚህ ስጡ። ሁሉንም አውርዱ፣ አቧራና ሰጋቱራውን ጥረጉ፤ ሰጋቱራ እርጥበት ስለሚመጥ ብረት ላይ ከተቀመጠ ያዝገዋል። ባዶ ብረቱን ስስ ዘይት አስነኩት። የመጋዝን ጎንና የመላጊያን ሥር ሻማ ብታሹበት አይዝግም፣ እንጨት ላይም ይንሸራተታል። ሜትር ውሃ ከነካው ሙሉውን መዝዛችሁ እያደረቃችሁ አስገቡት።

የእንጨት እጀታ የተልባ ዘይት ይወዳል። በጨርቅ በስሱ ቀቡት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ የተረፈውን ጥረጉ፣ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። የደረቀና የተሰነጣጠቀ እጀታ መዳፍ ይልጣል። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል፣ ያለ ክብሪትም ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ሰጋቱራ ባለበት ክፍል ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ጨርቁን ደጅ፣ ገመድ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ካልሆነም ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ነክራችሁ ክዳኑን ዝጉና ከቤት ውጭ አሳድሩት።